ጎቶልያ፦ የዳዊትን ዙፋን ስድስት ዓመት የያዘችው ሴት ጉዳይ

በጥንት ዕብራውያን ቤተ መንግሥት ውስጥ ሴቶች ምን ያህል ሥልጣን ነበራቸው ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠራው አስቴርን ወይ ንግሥተ ሳባን ነው። አስቴር ግን የፋርስ ንጉሥ ሚስት ናት፣ ንግሥተ ሳባም ኢየሩሳሌም የሄደችው በእንግድነት ነው። በሰሎሞን ቤተ መቅደስ ዘመን ሁሉ ኢየሩሳሌም ላይ ቁጭ ብላ ይሁዳን የገዛች ሴት አንድ ብቻ ናት፣ እሷም ጎቶልያ ናት። ስድስት ዓመት ገዝታለች፣ በግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ841 እስከ 835 ባለው ጊዜ ማለት ነው። ታሪኳ ሁለተኛ ነገሥት 11 ላይና ሁለተኛ ዜና መዋዕል 22 እና 23 ላይ አለ፣ አጭር ነው፣ በአንድ ቁጭታ ተነብቦ ያልቃል።

ስሟ ከተነሳ የሚነሳው የልጅ ልጆቿን ያስፈጀች ጨካኝ ሴት ተብላ ነው፤ ጽሑፉም የሚለው እሱን ነው፣ እኔም ያንን ለማለሳለስ አይደለም የምጽፈው። የሚቆጨኝ ታሪኩ እዛ ላይ ብቻ ሲቆም ነው። ምክንያቱም አንዲት ሴት ልጇ በሞተ ማግስት ተነስታ አገር መያዝ ከቻለች ከዛ በፊትም እጇ ላይ የነበረ ነገር አለ፣ ወታደሩ የሚታዘዛት፣ ሹሙ የሚሰማት ሰው ነበረች ማለት ነው። እሱ ነገር ምንድነው? ደግሞስ እንዴት ከእጇ ወጣ? የዚህ ጉዳይ ዋናው እሱ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ወንበሩን እንይ። በይሁዳ ቤተ መንግሥት ከባዱ ቦታ የንጉሥ ሚስትነት አልነበረም፣ የንጉሥ እናትነት ነው። ሚስቶች ብዙ ናቸው፣ እናት ግን አንድ ናት። ቤርሳቤህን ብቻ ብናይ ይገባናል፦ ዳዊት በሕይወት እያለ ጓዳው ስትገባ በግንባሯ ወድቃ ሰግዳ ነው የምታናግረው፣ ልጇ ሰሎሞን ከነገሠ በኋላ ግን ስትመጣ ንጉሡ ራሱ ከዙፋኑ ተነስቶ ይሰግድላታል፣ ወንበር ያስመጣላታል፣ በቀኙም ያስቀምጣታል። ያቺው ሴት ናት፣ የተለወጠው ወንበሯ ነው። የሰሎሞን ወንድም አዶንያስም ዳዊትን በእርጅናው ታገለግል የነበረችውን አቢሳን ለማግባት ሲፈልግ ጥያቄውን ይዞ የሄደው ወደ እሷ ነው፣ ንጉሡ እሷን እምቢ አይልም ብሎ። ሰሎሞን ግን እምቢ አለ፣ አዶንያስንም አስገደለው፣ ስለዚህ የእናትየው ቃል ገደብ ነበረው፤ ያም ሆኖ ለጉዳይ የሚኬድባት ሰው እሷ እንደነበረች ያሳያል።

ከዛ ደግሞ መዓካ አለች። ንጉሥ አሳ እናቱን መዓካን የአሼራ ጣዖት ስላሠራች ከእቴጌነቷ ሻራት ይላል አንደኛ ነገሥት 15። ሰው የሚሻረው ከሹመት ነው፤ እናትነት አይሻርም፣ የተሻረው ሥልጣኑ ነው። ሌላው ማስረጃ ራሱ የነገሥታቱ መዝገብ ነው፦ አንድ የይሁዳ ንጉሥ ሲነግሥ ዕድሜው፣ የገዛበት ዘመን፣ ከዛ የእናቱ ስም ይጻፋል። ከሁለት ነገሥታት በቀር (የጎቶልያ ባል ኢዮራምና አካዝ) ሁሉም ላይ እናት አለች። ሰሜን ላይ ባሉት የእስራኤል ነገሥታት ግን (ከሰሎሞን በኋላ አገሩ ደቡቡ ይሁዳ፣ ሰሜኑ እስራኤል ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ነበር) ይሄ ልማድ የለም። ስለዚህ ኢየሩሳሌም ላይ እናትየዋ ማን ናት የሚለው ነገር ለመንግሥት ታሪክ የሚያስፈልግ መረጃ ነበር።

አሁን ወደ ጎቶልያ። አባቷ ሰማርያ ላይ የነገሠው የሰሜኑ የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ ነው፣ አያቷ ዖምሪ (በድሮው ትርጉም ዘንበሪ)። አንዳንድ ቦታ የዖምሪ ልጅ ትባላለች፣ የዖምሪ ዘር ለማለት ነው ብለው ነው ብዙዎቹ የሚረዱት። የአክዓብ ሚስት ኤልዛቤል እናቷ ናት ተብሎ በስፋት ይነገራል፣ መጽሐፉ ግን እናቷን በስም አይጠራም፣ ስለዚህ እሱን እንደ ተረጋገጠ ነገር መያዝ ልክ አይደለም። የማያጠራጥረው ቤቱ ነው። የዖምሪ ቤት በዛ ጊዜ ቀላል ቤት አልነበረም፣ የአሦሩ ንጉሥ ሰልምናሶር 3ኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ853 ሶርያ ውስጥ ቃርቃር ላይ ስለተዋጋቸው ነገሥታት ሲያስጽፍ አክዓብ 2,000 ሠረገላና 10,000 እግረኛ ይዞ መጣ ይላል። ቁጥሩ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፣ ግን ከዛ ሁሉ ንጉሥ መሀል ብዙ ሠረገላ ያለው ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው። ይሁዳ ከዚህ ጎረቤት ጋር ስትነጻጸር ትንሽ ተራራማ አገር ናት። የይሁዳው ንጉሥ ኢዮሣፍጥ ከሰሜን ጋር ሰላም ሲያደርግ ለልጁ ለኢዮራም ያመጣለት ሙሽራ ጎቶልያ ነበረች፣ በዛ ዘመን ደግሞ የንጉሥ ልጅ ስትዳር የምትሄደው እንደ ውል ማኅተም ነው፣ ከኋላዋ የአባቷ ሠራዊት አለ፣ ባሏም አማቾቿም ያውቁታል።

አሁን የሚመጣው ክፍል ብዙ ሰው ዘሎ የሚያልፈው ነው፣ እኔ ግን ያለሱ ጎቶልያን መረዳት አይቻልም ባይ ነኝ። ኢዮራም አባቱ ሞቶ ዙፋኑን እንደያዘ ስድስት ወንድሞቹን በሰይፍ ገደለ፣ ከሹማምንቱም የተወሰኑትን ጨመረ። ሁለተኛ ዜና 21 ላይ ነው ያለው። ማለትም የዳዊትን ዘር መጨረስ የጀመረችው እሷ አይደለችም፣ ባሏ ነው የጀመረው፣ እሷም ያን ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ነበረች፣ አይታለች። (መካሪው እሷ ነበረች የሚሉ አሉ፣ ጽሑፉ ግን በዚህ ድርጊት ላይ ስሟን አያነሳም፣ የአክዓብን ልጅ አግብቶ ነበርና በአክዓብ ቤት መንገድ ሄደ ነው የሚለው።) በሱ ዘመን ኤዶምያስ ሸፈተች፣ ልብናም ሸፈተች፣ ከዛ ፍልስጥኤማውያንና ዓረቦች ወጥተው ንብረቱን፣ ልጆቹንና ሚስቶቹን ማርከው ወሰዱ፣ ከሁሉ ታናሹ ብቻ ነው የቀረው ይላል። የቀረው ልጅ አካዝያስ ነው፣ የጎቶልያ ልጅ። የተማረኩትም በኋላ እንደተገደሉ ምዕራፍ 22 መጀመሪያ ላይ ተጽፏል። ኢዮራም ራሱ ከስምንት ዓመት ንግሥና በኋላ በአንጀት በሽታ ተሰቃይቶ ሞተ፣ ማንም አላዘነለትም፣ በነገሥታት መቃብርም አልተቀበረም።

እንግዲህ አካዝያስ በ22 ዓመቱ ነገሠ፣ ጎቶልያም የንጉሥ እናት ሆነች፣ በስሌት ከሄድን አርባ ዓመት አካባቢ ወይ ከዛ ትንሽ ከፍ ያለች ሴት ናት። ዜና መዋዕል እሱ ስለነገሠባት አንድ ዓመት ሲናገር ክፉ እንዲያደርግ እናቱ ትመክረው ነበር ይላል። ክፉውን ለጊዜው እንተወውና ትመክረው የሚለውን እንያዝ፣ የንጉሥ አማካሪ ማለት ሹመት ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ አባቱ ከሞተ በኋላ የአክዓብ ቤት ሰዎች መካሪዎቹ ሆኑ ይላል። ይሄ ማለት ኢየሩሳሌም ላይ በሷ በኩል የተሳሰረ የሰሜን ሰዎች ኔትወርክ ነበር፣ ልጁ ገና ወጣት ነው፣ ታላላቆቹ ሞተዋል፣ አጎቶቹን አባቱ ጨርሷቸዋል፣ የቀረች ልምድ ያላት ሰው እናቱ ናት። በተግባር ይሁዳን መምራት የጀመረችው ያኔ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ዙፋኑ ላይ ከመቀመጧ በፊት።

ከዛ 841 መጣ። አካዝያስ የቆሰለውን አጎቱን፣ የእስራኤሉን ኢዮራምን ሊጠይቅ ኢይዝራኤል ወረደ፣ እዛው እያለ የእስራኤሉ ንጉሥ የጦር አዛዥ ኢዩ አመፀ። ኢዩ የእስራኤሉን ንጉሥ ገደለ፣ ኤልዛቤልን ከመስኮት አስጣላት፣ አካዝያስንም አሳዶ አቆሰለው፣ መጊዶ ደርሶ ሞተ። ሰሜን እስራኤል ውስጥ ቴል ዳን በሚባል ቦታ በ1993 እና 94 እ.ኤ.አ. የተገኘው የአራማይክ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ደግሞ ሌላ ይላል፣ እዛ ላይ አንድ የሶርያ ንጉሥ የእስራኤልን ንጉሥና የዳዊትን ቤት ንጉሥ የገደልኩ እኔ ነኝ እያለ ይፎክራል፣ ስሞቹ የተሰባበሩ ቢሆንም ብዙ ምሁራን ኢዮራምና አካዝያስ ናቸው ብለው ይሞሉታል። ማንም ይግደላቸው፣ ለጎቶልያ ውጤቱ አንድ ነው። ኢዩ በዚህም አላበቃም፣ የንጉሡንና የእቴጌይቱን ልጆች ልንጠይቅ ነው ብለው ወደ ሰሜን የሚወርዱ 42 የአካዝያስ ዘመዶችን መንገድ ላይ አግኝቶ ፈጃቸው። ሰማርያ ላይ ደግሞ 70 የአክዓብን ልጆች አንገት አስቆረጠ።

ይሄን ሁሉ ደምሩትና ወሬው ኢየሩሳሌም ሲደርስ የሴትየዋን ሁኔታ አስቡት። ልጇ ሞቷል። ወንድሟ ወይ የወንድሟ ወገን የሆነ ሁሉ አልቋል፣ የተወለደችበት ቤት የለም፣ ያገባችበትን ቤት ባሏ፣ ወራሪና ኢዩ በየተራ ጨርሰውታል። እቴጌነቷም በዛች ሰዓት አበቃ፣ ምክንያቱም ወንበሩ የሚቆመው በልጅየው ነው። ቀጥሎ የሚነግሠው ከአካዝያስ ሕፃናት አንዱ ነው፣ ያን ጊዜ የንጉሥ እናት የምትሆነው ደግሞ የዛ ሕፃን እናት ናት። እሷ አያት ሆና ጓዳ ትገባለች፣ ወይም የዖምሪ ዘር ስለሆነች ኢዩ ሰሜን ላይ እንዳደረገው እዚህም አንዱ ይገድላታል።

የመረጠችው መንገድ የሚዘገንን ነው። ተነስታ የንጉሡን ዘር ሁሉ አጠፋች ይላል። ከነዚህ ውስጥ የገዛ ልጇ ልጆች አሉ፣ ይሄን በፖለቲካ ምክንያት የሚያስረዳ ሰው ቢኖር እንኳን ይቅር የሚያስብል ምክንያት አይሆንም፣ ሕፃናት ናቸው። ግን ባሏ ስድስት ወንድሞቹን ሲገድል ንጉሥ እንደተባለና ኢዩም 70 ሰው አርዶ ሥርወ መንግሥት እንደመሠረተ አስታውሱ። ጎቶልያ ያደረገችው በዛ ዘመን ዙፋን የሚፈልጉ ወንዶች ሲያደርጉት የነበረውን ነው፣ እሷ ላይ ግን የተለየ ችግር ነበረው፦ ኢዮራም ወንድሞቹን ሲገድል እሱ ራሱ የዳዊት ዘር ነው፣ እሷ ግን ያጠፋችው እሷን ከዙፋኑ ጋር የሚያገናኛትን አንድ ገመድ ነው። ብልህ ሴት ከሆነች (ነበረችም) አንዱን ሕፃን አስቀርታ በሱ ስም እንደ ሞግዚት መግዛት ትችል ነበር፣ ለምን እንዳላደረገችው ጽሑፉ አይነግረንም፣ የኔ ግምት ከሕፃኑ ጋር እናቱና የእናቱ ዘመዶች እንደሚመጡ ስለገባት ነው የሚል ነው።

እዚህ ጋ ነው ሁለተኛዋ ሴት የምትገባው፣ ዮሳቤት። የንጉሥ ኢዮራም ልጅ፣ የአካዝያስ እኅት ናት፣ የአንደኛው መቶ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪየስ በአባት እኅቱ ናት ይላል፣ ስለዚህ የጎቶልያ ልጅ ላትሆን ትችላለች። ከሚገደሉት ሕፃናት መሀል አንዱን፣ ኢዮአስን፣ ከነሞግዚቱ ሰርቃ መኝታ ክፍል ውስጥ ደበቀችው፣ ከዛ ስድስት ዓመት ቤተ መቅደስ ውስጥ አሳደጉት። ዜና መዋዕል ባሏ ካህኑ ዮዳሄ እንደሆነ ይነግረናል። እሷን ሰው እንደ አንድ ደግ አክስት ብቻ ሲያያት ይገርመኛል። ይቺ የንጉሥ ልጅ ናት፣ ቤተ መንግሥቱን በር በበር ታውቀዋለች፣ የሴቶቹ ክፍል ውስጥ ማንም ሳይጠይቃት ትገባለች፣ አገልጋይና ሞግዚት ይታዘዟታል፣ ጋብቻዋ ደግሞ ቤተ መቅደሱን ከፍቶላታል። ዮዳሄ ስንት ወታደር ቢያሰልፍ እሷ ልጁን ያን ቀን ባታወጣው የሚያነግሠው ሰው አልነበረውም። የንጉሥ ቤት ሴት የነበራትን ሥልጣን ለማየት እኮ ጎቶልያን ብቻ ማየት አይበቃም፣ ያሸነፈቻትም የዛው ቤት ሴት ናት።

ስድስቱ ዓመታት ምን ይመስሉ ነበር? መጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሰጠን፣ ጎቶልያ በምድሪቱ ላይ ትነግሥ ነበር ይላል፣ አለቀ። ለሌሎቹ ነገሥታት የሚጻፈው መግቢያና መዝጊያ ለሷ የለም፣ ዕድሜዋ የለም፣ የቀረው ነገሯ በታሪክ መጽሐፍ ተጽፏል የሚለውም የለም። ጸሐፊዎቹ ገዛች ብለው ሲያበቁ በነገሥታት ቁጥር ውስጥ አላስገቧትም። ግን ከተጻፈው ውስጥ የሚለቀም ነገር አለ። በሷ ዘመን ስለ ጦርነት ወይ ስለ ሽፍታ የተጻፈ ነገር የለም። የበኣል ቤተ መቅደስ ከነካህኑ ማታን ኢየሩሳሌም ላይ ነበር። የእግዚአብሔር ቤት ዕቃዎችም ለበኣል እንደዋሉ ዜና መዋዕል 24 ይከሳል። በዛው ልክ ግን የእግዚአብሔር ቤትም አልተዘጋም፣ ዮዳሄ በቦታው ነው፣ ዘበኞቹ በየሰንበቱ ተራ ይቀያየራሉ። ኤልዛቤል ነቢያትን ስታስገድል ነበር ይባላል፣ ጎቶልያ ላይ እንደዛ ያለ ክስ የለም። ይሄን የምለው እሷን ለማጽደቅ አይደለም፣ አገር አስተዳደሯ በሰይፍ ብቻ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው፣ ስድስት ዓመት በሰይፍ ብቻ አይገፋም።

አወዳደቋ በደንብ ተጽፏል፣ እውነት ለመናገር የዮዳሄ እቅድ የሚደንቅ ነው። በሰባተኛው ዓመት የመቶ አለቆችን፣ ካራውያን የሚባሉትን ቅጥር ጠባቂዎችና ዘበኞቹን ጠርቶ ቤተ መቅደስ ውስጥ አስማላቸውና ልጁን አሳያቸው። ቀኑ ሰንበት ሆነ፣ ምክንያቱም ሰንበት ላይ ተረኛ ሲቀየር ገቢውም ወጪውም አንድ ቦታ ይገናኛሉ፣ ወጪዎቹን ወደ ቤታቸው ሳይለቅ ቤተ መቅደሱ ላይ አስቀራቸው፣ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ግን እንደወትሮው ተረኛ ቆሟል፣ የተለየ ነገር አይታይም። የዳዊት የነበሩትን ጦርና ጋሻ ከቤተ መቅደሱ አውጥቶ አስታጠቃቸው። የሰባት ዓመቱን ልጅ አወጡት፣ ዘውድ ጫኑለት፣ ቀቡት፣ አጨበጨቡ፣ ንጉሡ ሺህ ዓመት ይንገሥ ብለው ጮኹ።

ጎቶልያ ጩኸቱን ሰምታ መጣች። ይሄ ነው ሁሌም የሚያስደንቀኝ፣ አልሸሸችም፣ ወታደር አሰልፋም አልመጣችም፣ በእግሯ ወደ ሕዝቡ ገባች። ልጁ እንደ ወጉ ዓምዱ አጠገብ ቆሟል፣ አለቆቹና መለከተኞቹ ከጎኑ ናቸው፣ የአገሩም ሕዝብ ደስ ብሎት መለከት ይነፋል። ልብሷን ቀደደችና ዓመፅ ነው፣ ዓመፅ ነው ብላ ጮኸች። መጽሐፉ ስድስት ዓመት ከገዛች ሴት አፍ ያቆየልን ቃል ይሄ ብቻ ነው። ከሷም አንጻር ትክክል ነው፣ ሕጋዊ ገዢ ነኝ ብላ ነው የምታስበው። የሚገርመው የራሷ ዘበኞች ናቸው የከበቧት፣ የሚታዘዛት ሰው አልቀረም። ዮዳሄ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ አትሙት ስላለ በፈረሶች መግቢያ በኩል ወደ ንጉሡ ቤት አውጥተው እዛ ገደሏት። ሕዝቡ ወርዶ የበኣልን ቤት አፈረሰ፣ ማታንን በመሠዊያው ፊት ገደለው።

ምዕራፉ መጨረሻ አካባቢ አንድ ትንሽ ነገር አለች፦ የአገሩ ሕዝብ ሁሉ ደስ አለው፣ ከተማይቱም ጸጥ አለች። አንዳንድ ምሁራን እዚህ ላይ ቆም ይላሉ፣ የአገሩ ሕዝብ የሚባሉት ከኢየሩሳሌም ውጪ ያሉ የይሁዳ ባለመሬቶች ናቸው፣ ደስታው የነሱ ነው፣ ከተማው ግን ጸጥ ነው ያለው፣ ደስታ አልተጻፈለትም። የጎቶልያ ድጋፍ ከተማው ውስጥ፣ በሹማምንቱና በቤተ መንግሥቱ ሰዎች መሀል ነበር ወደሚል ይወስዳል። እኔ ያሳምነኛል፣ ስድስቱን ዓመት ሌላ ምንም አያስረዳውም።

ከሷ በኋላ የንጉሥ እናትነት ወንበር አልፈረሰም። ኤርምያስ ለንጉሡና ለእቴጌይቱ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ በላቸው ሲባል አብሮ እናቱን ይጨምራል፣ በ597 ባቢሎን ኢየሩሳሌምን ስትይዝም ንጉሡ ዮአኪን ከእናቱ ጋር ወጥቶ እጁን ሰጠ፣ ምርኮኞች ዝርዝር ላይ እናቱ ከንጉሡ ቀጥላ ነው የተጻፈችው። ግን በራሷ ስም የገዛች ሌላ ሴት ለማግኘት ከሰባት መቶ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። ሰሎሜ እስክንድራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ76 እስከ 67 ገዝታለች፣ ባሏ እስክንድር ያኔዎስ ሲሞት መንግሥቱን ለሷ ተወላት፣ ሁለት ትልልቅ ልጆች እያሏት። እሷ ሴት ስለሆነች ሊቀ ካህናት መሆን አትችልም፣ ስለዚህ ታላቁን ልጇን ሂርቃኖስን ሾመች፣ ባሏ ሲያሳድዳቸው ከነበሩት ፈሪሳውያን ጋር ታረቀች፣ ሠራዊቱን አበዛች፣ በአልጋዋ ላይም ሞተች። ጎቶልያ ያልነበሯት ነገሮች ሁሉ ነበሯት፦ የሟች ቃል፣ በሕይወት ያሉ ልጆች፣ ከጎኗ የቆመ ካህን። ጎቶልያ ላይ ካህኑ ከሌላኛዋ ሴት ጋር ነበር።

ኢዮአስ 40 ዓመት ገዛ። ዮዳሄ ከሞተ በኋላ የዮዳሄን ልጅ ዘካርያስን በቤተ መቅደሱ አደባባይ በድንጋይ አስወገረው፣ እሱንም በመጨረሻ አገልጋዮቹ ገደሉት። የማቴዎስ የትውልድ ሐረግ ላይ ደግሞ ከኢዮራም ቀጥታ ወደ ዖዝያን ነው የሚሄደው፣ አካዝያስ፣ ኢዮአስና አሜስያስ የሉም፣ ብዙ ተርጓሚዎች ይሄን በጎቶልያ በኩል ከመጣው ከአክዓብ ደም ጋር ያያይዙታል። የኢዮአስ መዝገብ ግን በነገሥታት መጽሐፍ እንደ ደንቡ ሙሉ ነው፦ ዕድሜው ሰባት፣ ዘመኑ አርባ፣ ቀጥሎም የእናቱ ስምና አገር ተጽፏል፣ ከቤርሳቤህ ከተማ የመጣች ሴት ናት፣ ልጇ ሲነግሥ ያ በቀኝ ያለው ወንበር የሷ ሆነ።